ገንዘቡ በኮሌጁ፣ ሰዓቱ ከእናንተ፦ ስለ እንክብካቤ ምርምር ድጎማ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው እትማችን የካናዳ ኮሌጆች ከአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅቶች ጋር በፌዴራል ገንዘብ ስለሚሠሩት ተግባራዊ ምርምር ሁለት መስመር ብቻ ጽፈን አልፈን ነበር። የመጡልን ደብዳቤዎች ግን በሁለት መስመር የሚመለሱ አይደሉም። ከቶሮንቶ፣ ከኤድመንተን፣ ከኦታዋ፣ ከሃሚልተን፣ አንዱም ከአዳማ ነው። አንዳንዶቹን አሳጥረናቸዋል።

«በቶሮንቶ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪ አረጋውያን በሳምንት ሦስት ቀን የሚውሉበት አነስተኛ በጎ አድራጎት ማኅበር እናስተዳድራለን። መንግሥት ለእንዲህ ያለ ምርምር ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰማን። እኛው በቀጥታ ማመልከት እንችላለን? በማንስ በር ነው የሚገባው?»

በቀጥታ አትችሉም። የሰማችሁት «የኮሌጅና የማኅበረሰብ ማኅበራዊ ፈጠራ ፈንድ» የሚባለውን ይመስለናል፤ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ሲሲኤስአይኤፍ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል በጀት ለሙከራ ተጀምሮ ኋላ ቋሚ ሆነ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው የተፈጥሮ ሳይንስና ምሕንድስና ምርምር ምክር ቤት ነው፤ የማኅበራዊ ሳይንሱና የጤናው ምርምር ተቋማትም አብረውት አሉ። የአረጋውያን ጉዳይ በምሕንድስና ምክር ቤት በኩል መምጣቱ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ድረ ገጹን ከፍቶ «ይሄ የእኛ አይደለም» ብሎ የሚዘጋው ጥቂት አይደለም። ጣሪያው በዓመት 120,000 የካናዳ ዶላር፣ እስከ 3 ዓመት ሲደመር 360,000 ነው። ጥሪው በወጣ ቁጥር ጣሪያውንና የመዝጊያ ቀኑን እንደ አዲስ አንብቡ።

አመልካቹ በምክር ቤቱ ዘንድ ብቁነቱ የተረጋገጠ ኮሌጅ መሆን አለበት፤ ፖሊቴክኒክም ይሆናል፣ በኬቤክ ደግሞ ሴዤፕ የሚባለው የክፍለ ሀገሩ ኮሌጅ። ገንዘቡም የሚገባው በኮሌጁ ሂሳብ ነው። እናንተ አጋር ናችሁ። ጥያቄውን የምታመጡት፣ ቦታውን የምትከፍቱት፣ የሠራተኛ ሰዓት የምትሰጡት፣ በመጨረሻ የተገኘውን በሥራ የምታውሉትም እናንተው ናችሁ።

በሩ የኮሌጁ የተግባራዊ ምርምር ቢሮ ነው። ግን ለቢሮው ብቻ ጽፋችሁ አትጠብቁ። ተማሪዎቿን ለልምምድ ወደ እናንተ የምትልከው መምህርት ካለች ለእሷም በዚያው ቀን ጻፉ። ቢሮው ያለ መምህር ፕሮጀክት አይጀምርም፤ መምህርቷም ያለ ቢሮው ፊርማ ማመልከቻ ማስገባት አትችልም። አንዱን ብቻ የያዘ ደብዳቤ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር ጥሪው ይዘጋል።

የምትልኩት አንድ ገጽ ይበቃል፤ እዚያ ላይ ግን ጥያቄው የጠራ ይሁን። «አረጋውያኑ ብቸኝነት ይሰማቸዋል» እውነት ነው፣ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም አይመልሰውም። ይልቅ እንዲህ በሉት፦ «ከ22 አረጋውያን የመርሳት ሕመም ያለባቸው 6ቱ ከሰዓት በኋላ ሲደክማቸው እንግሊዝኛው ይጠፋቸዋል። ተተኪ ሆነው የሚመጡ ሠራተኞች አማርኛ አያውቁም። በወር ስንት ጊዜ ነው አንድ ሰው ምግቡን ሳይነካ ወይም መጸዳጃ ቤት ሳይጠይቅ የሚውለው? የሥዕል ካርድና 15 የአማርኛ ቃላት የያዘ የ2 ሰዓት ሥልጠና ይህን ይቀንሰዋል?» ይህ ይቆጠራል፤ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ሊነጻጸርም ይችላል። ተማሪም ሊሠራው ይችላል።

እግረ መንገዳችንን፦ የተረፈ ምግብ የምትመዝኑ ከሆነ ረቡዕንና ዓርብን ለይታችሁ መዝግቡ። በጾም ቀን ሳህን ሳይነካ የሚመለስበት ምክንያት ሌላ ነው። ተማሪው ይህን አያውቅም፤ ካልነገራችሁት ጾሙን የምግብ ፍላጎት መቀነስ ነው ብሎ ይጽፈዋል። የእናንተ እውቀት ለምርምሩ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ምርምርንና ሥልጠናንም አትቀላቅሉ። በዋተርሉ ኮኔስቶጋ ኮሌጅ ከሽሌግል ቪሌጅስ ጋር ሆኖ በአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ «ሕያው የመማሪያ ክፍል» ከፍቷል፤ የእንክብካቤ ተማሪዎች እዚያው ይማራሉ። ግሩም አጋርነት ነው፣ ዋና ሥራው ግን ማስተማር ነው። በኦክቪል የሸሪዳን ኮሌጅ በ2003 ያቋቋመው የአረጋውያን ምርምር ማዕከል ደግሞ ሥራው ምርምር ነው። እናንተ የምትፈልጉት ተማሪ እንዲላክላችሁ ብቻ ከሆነ ለዚያ ድጎማ አያስፈልግም፤ የልምምድ ውል በቂ ነው።

«የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት አለን፣ ኤድመንተን። ኮሌጁ “ጥሬ ገንዘብ ባይኖራችሁ በዓይነት አዋጡ” ይለናል። በዓይነት የሚባለው እንዴት ነው የሚሰላው? ቁጥሩን ከፍ ብናደርገው ይጠቅመናል?»

ከፍ ማድረጉ ይጎዳችኋል። ገምጋሚዎቹ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ በየዓመቱ ያያሉ፣ የተነፋውን ለመለየት ጊዜ አይፈጅባቸውም። ደንቡ ቀላል ነው፦ የሠራተኛ ሰዓት የሚቆጠረው ለሠራተኛው በምትከፍሉት ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ነው። ደንበኛውን በምታስከፍሉት ዋጋ አይደለም። ለሠራተኛዋ በሰዓት 24 ዶላር እየከፈላችሁ ደንበኛውን 38 የምታስከፍሉ ከሆነ የሚጻፈው 24ቱና ጥቅማ ጥቅሙ ነው።

ለምሳሌ 8 ሠራተኞች በወር 2 ሰዓት ለ10 ወር ቢሰጡ 160 ሰዓት ይሆናል። በ24 ዶላር ሲባዛ 3,840፤ ጥቅማ ጥቅሙ 15 በመቶ ቢሆን 4,416። አስተባባሪዋ በወር 4 ሰዓት ለ10 ወር ብትሰጥ 40 ሰዓት፣ በ38 ዶላር 1,520፣ ከጥቅማ ጥቅሙ ጋር 1,748። በድምሩ 6,164 ዶላር። «ይሄ ከ120,000ው ጎን ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። እውነተኛና ለሥራው የሚያስፈልግ ስለሆነ በቂ ነው። ለማንኛውም ባዶ የሚውለውን የስብሰባ ክፍል በቀን 300 ዶላር ተምናችሁ ካስገባችሁት ግን የቀረውን ቁጥርም አጠራጣሪ ታደርጉታላችሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከወረቀቱ በኋላ ነው። 160 ሰዓት ቃል ስትገቡ እነዚያ 8 ሠራተኞች በዚያ ሰዓት የሚንከባከቧቸውን ሰዎች ማን ይይዛል? ይህ ካልተመለሰ በመጀመሪያው ወር ስምንቱም ይመጣሉ፣ በሦስተኛው አራት፣ በአምስተኛው አስተባባሪዋ ብቻዋን ትቀመጣለች። የቤት ለቤት ሥራ ደግሞ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መጓጓዝ አለበት፤ የ1 ሰዓት ስብሰባ ለሠራተኛዋ 2 ሰዓት ሊሆንባት ይችላል። ስለዚህ የጉዞውንም ቆጥራችሁ ቃል ግቡ፣ ወይም ቁጥሩን ቀንሱ። ተፈርሞ የሚቀመጥ ወርኃዊ የሰዓት መመዝገቢያም ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ። ኮሌጁ ስለ አጋር መዋጮ ሪፖርት ማቅረቡ አይቀርም፤ በዓመቱ መጨረሻ በትዝታ የሚሞላ ሠንጠረዥ ሁላችሁንም ያሳፍራል።

የኮሌጁን ወገን በጀት ለማየት ጠይቁ፤ አትፈሩ። 3 ተማሪዎች በሳምንት 12 ሰዓት ለ30 ሳምንት በ22 ዶላር ቢሠሩ 23,760 ዶላር ነው። ቀሪው በአብዛኛው ለመምህሩ ምትክ፣ ለምርምር አስተባባሪ፣ ለተሳታፊዎች ማካካሻና ለጉዞ ይውላል። እኛ የምናያቸው በጀቶች ሁሌም የሚረሱት የትርጉሙን ነው። የፈቃደኝነት ቅጹ ወደ አማርኛ ሊተረጎም፣ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሊመልሰው፣ ከዚያ ሁለቱ ሊታረቁ ይገባል፤ በአማርኛ የተቀዳ ቃለ መጠይቅም ተገልብጦ መተርጎም አለበት። የ1 ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ ብቻ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ይህ በበጀቱ ካልተያዘ አማርኛ የምትችለዋ ሠራተኛችሁ «እስቲ ይህን ብቻ» እየተባለች በነፃ ትሠራዋለች።

«ኦታዋ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በፒኤስደብልዩነት (በግል እንክብካቤ ሠራተኛነት) እሠራለሁ። አለቃዬ “ከኮሌጅ ጋር ምርምር ላይ ነን” ብላ ቅጽ አመጣችና ሁላችንም እንድንፈርም ጠየቀችን። ግዴታ አለብኝ? የምናገረው ለእሷ ይደርሳል? የሥራ ፈቃዴ ከዚህ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ስለሆነ ፈራሁ።»

ግዴታ የለብዎትም። በእንዲህ ያለ ድጎማ ሰዎችን አሳትፎ የሚሠራ ምርምር ቲሲፒኤስ 2 በሚባለው የሦስቱ ምክር ቤቶች የሥነ ምግባር መመሪያ ይገዛል። ፈቃድዎ በነፃነት የተሰጠ መሆን አለበት፤ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ያለ ቅጣት መውጣት ይችላሉ። አለቃ ቅጽ ይዞ በሥራ ሰዓት ፊት ለፊት ሲያስፈርም ፈቃዱ ነፃ ነው ማለት ይከብዳል። ተቀባይነት ያለው አሠራር፣ አለቃዋ ማስታወቂያውን ትለጥፋለች፣ ከዚያ ፈቃደኛው ራሱ ለኮሌጁ ተመራማሪ ይደውላል ወይም ይጽፋል፤ ማን እንደተሳተፈና ማን እንዳልተሳተፈ ለአለቃዋ አይነገርም።

ቅጹን ወስደው ቤትዎ ያንብቡት። ምን እንደሚጠየቁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለጊዜዎ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ ተጽፎበት መገኘት አለበት። ከታች የኮሌጁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ወይም ኢሜይል አለ። ለእነሱ ቢደውሉ አቤቱታዎ ለድርጅቱ ሳይሆን ለኮሌጁ ነው የሚደርሰው። ቁጥሩ ከሌለ ያ ቅጽ በኮሚቴ የታየ መሆኑን መጠራጠር ይገባል።

«ስም አይጻፍም» መባሉ ብቻ አያስተማምንም። በሌሊት ፈረቃ አማርኛ ተናጋሪው እርስዎ ብቻ ከሆኑ «አንዲት አማርኛ ተናጋሪ የሌሊት ሠራተኛ እንደገለጸችው…» ተብሎ ሲጻፍ ስምዎ እንደተጻፈ ይቁጠሩት። ተመራማሪውን «ፈረቃዬንና ቋንቋዬን አትጥቀሱ» ይበሉት፤ የሚጠቀስ ንግግር ካለም አስቀድመው እንዲያዩት ይጠይቁ። ቃለ መጠይቁም ከመኖሪያው ውጭ ወይም በስልክ ቢሆን ይሻላል። ከፈረቃ ርክክቡ በፊት ባለችው ሩብ ሰዓት ውስጥ ኮሪደር ላይ የሚደረግ «አጭር ጥያቄ» ለእርስዎም ለምርምሩም አይበጅም።

«በኦንታሪዮ ኮሌጅ የፒኤስደብልዩ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ድጎማው በሰኔ ጸደቀልን፣ የመጀመሪያውን መረጃ የሰበሰብነው ግን በመጋቢት ነው። የአንድ ዓመት ገንዘብ ግማሹ ሳይነካ ቀረ። ምን አጠፋን?»

ደብዳቤዎ እንደሚያሳየው ተራ በተራ የሠራችሁት አብሮ መሄድ ያለበትን ሥራ ነው።

መጀመሪያ ሰዓትዎ። በኦንታሪዮ ኮሌጆች የሙሉ ጊዜ መምህር የሥራ ጫና የሚወሰነው በሥራ ጫና ቅጹ (ኤስደብልዩኤፍ) ነው፤ ቅጹም በዓላትና የዕረፍት ጊዜ ሳይቆጠሩ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት ይሰጣል። የበጋው ዕረፍት ስለማይቆጠር የመስከረሙ ቅጽ ከዕረፍቱ በፊት አልቋል ማለት ነው። ድጎማው በሰኔ ሲጸድቅ ዲኑ የመስከረሙን ክፍሎች አስቀድሞ ደልድሏል፣ እርስዎም ለዕረፍት ሊወጡ ነው። ስለዚህ በጸደይ፣ ማመልከቻው ገና ሳይመለስ፣ «ከጸደቀ ይህን ኮርስ እገሌ ይሸፍናል» የሚል ጽሑፍ ከዲኑ ይያዙ። ከመስከረም በኋላ የሚመጣ ነፃ ሰዓት በተግባር የጥር ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የሥነ ምግባር ፈቃዱ። ብዙ የኮሌጅ ኮሚቴዎች በሐምሌና በነሐሴ አይሰበሰቡም። ጥናቱ ዝቅተኛ አደጋ ያለው ከሆነ በሙሉ ስብሰባ ፋንታ በተወከሉ ገምጋሚዎች ሊታይ ይችላል፤ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ። መኖሪያው በሆስፒታል ወይም በከተማ አስተዳደር ሥር ከሆነም ሁለተኛ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላልና ሁለቱን ማመልከቻዎች ጎን ለጎን ያዘጋጁ። ቡድኑ በሙሉ፣ የተቀጠሩት ተማሪዎችም ጭምር፣ «ኮር» የተባለውን ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠና ወስደው ሰርተፍኬቱን ይያዙ። ከማመልከቻው ጋር እንዲያያዝ መጠየቁ የተለመደ ነው።

አንዳንዶች ከዚህ ሁሉ ለመሸሽ ሥራውን «የጥራት ማሻሻያ» ይሉታል። በመመሪያው አንቀጽ 2.5 መሠረት ለድርጅቱ የውስጥ መሻሻል ብቻ የሚውል ግምገማ የኮሚቴ ፈቃድ አያስፈልገውም። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ግን ልብ ይበሉ። ዛሬ እንደ ጥራት ማሻሻያ የተሰበሰበውን ነገ ለኮንፈረንስ ሊያቀርቡት ቢያስቡ ሁለተኛ ደረጃ አጠቃቀም (ለሌላ ዓላማ የተሰበሰበን መረጃ ለምርምር ማዋል) ይሆንና ወደ ኮሚቴው ይመለሳሉ። ከድጎማው ዋና ሐሳቦች አንዱ ግኝትን ለሌሎች ማካፈል ነው፤ ስለዚህ ከመነሻው ምርምር ብለው ይግቡበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

የመርሳት ሕመም ስላለባቸው ነዋሪዎችም ጽፈዋል። ራሳቸው መፍቀድ ካልቻሉ በአንቀጽ 3.9 መሠረት ሕጋዊ ወኪላቸው ይፈቅዳል። የወኪሉ ፊርማ ግን የነዋሪውን እምቢታ አይሽረውም፤ ቀጣዩ አንቀጽ ይህን በግልጽ ይላል። በቃል እምቢ ማለት የማይችል ሰው ፊቱን ያዞራል፣ እጅ ይገፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ተማሪዋ እንዲህ ያሉ ምልክቶችን የሚዘረዝር ወረቀት በእጇ ይኑራት፤ አንዱን ስታይ ትቁም፣ በማግስቱም እንደ አዲስ ትጠይቅ።

የጤና መዝገብ ካስፈለገ የኦንታሪዮው የ2004 የግል የጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ። ያለ ነዋሪው ፈቃድ መረጃ ለምርምር የሚሰጠው የተጻፈ የምርምር ዕቅድና የኮሚቴ ውሳኔ ሲኖር ነው። ቀላሉ መንገድ የመኖሪያው ሠራተኛ ራሷ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ዓምዶች ብቻ አውጥታ፣ ስሙን በቁጥር ተክታ እንድትሰጥዎት ነው። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር ከመኖሪያው አይውጣ።

የቀን መቁጠሪያው ደግሞ የሁሉ ነገር መሠረት ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት የኢንፍሉዌንዛና የሌላ የመተንፈሻ በሽታ ወረርሽኝ ክፍሎችን ይዘጋል፤ ሲዘጋ ተማሪ አይገባም። መነሻ ልኬቱን በመስከረምና በጥቅምት፣ የኋላ ልኬቱን በሚያዝያና በግንቦት ያድርጉት። በታኅሣሥና በጥር የሚለካ ነገር አያስቀምጡ። ከበዓሉም ከጉንፋኑም የተነሣ ፈረቃው በተተኪ ሠራተኛ ስለሚሞላ፣ ልኬቱ ሥልጠናዎን ሳይሆን የኤጀንሲውን ሠራተኛ ይለካል። ሠራተኛም ይለቃል፤ እስከ መጨረሻው 8 ሰው ከፈለጉ 12 አሠልጥነው ይጀምሩ።

ስለ ተማሪዎቹ አንዲት ነገር ብቻ፦ እርስዎ ውጤት የሚሰጧቸውን ተማሪዎች የጥናቱ ተሳታፊ አድርገው አይመልምሉ፤ በክፍያ የተሠራ የምርምር ሰዓትንም እንደ ልምምድ ሰዓት አይቁጠሩት።

«ሃሚልተን ነን። ኮሌጁ በድጎማው ለፈረቃ ርክክብ የሚሆን የታብሌት ፕሮግራም ሠራልን፣ ወደድነው። ፕሮጀክቱ አለቀና ከሁለት ወር በኋላ መሥራት አቆመ። ንብረቱ የማነው?»

መልሱ ያለው በፈረማችሁት የአጋርነት ስምምነት ውስጥ ነው፤ ሳይጽፍ የቀረ ከሆነ በኮሌጁ የአእምሯዊ ንብረት ደንብ። ፕሮግራሙ የቆመው ግን በባለቤትነት ጥያቄ አይመስለንም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሰርቨር ክፍያ ነው፤ ድጎማው ሲያልቅ የኮሌጁ የፕሮጀክት ሂሳብ ይዘጋል፣ ወርኃዊ ክፍያውም አብሮ ይቆማል። ዛሬውኑ ኮሌጁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የፕሮግራሙን ኮድ ቅጂ፣ የራሳችሁን መረጃ በተራ የሠንጠረዥ ፋይል፣ እና ፕሮግራሙን እንድትጠቀሙበት የሚፈቅድ የተጻፈ ፈቃድ። ከዚያ ወርኃዊውን ወጪ ራሳችሁ ትችሉት እንደሆነ አስሉ።

ገና በፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ሳይቃጠል በቅጠል በሉ። ገንዘቡ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው ወርኃዊ ክፍያውን ከድርጅታችሁ ኪስ መክፈል ጀምሩ፤ የማትችሉት መሆኑ ያኔ ከታወቀ ተማሪዎቹ ሳይበተኑ ወደ ወረቀት ቅጽ ይመልሱላችኋል። ከታብሌቱ ይልቅ በሁለት በኩል የታተመችው የርክክብ ካርድ ዕድሜዋ ሲረዝም ብዙ አይተናል።

«አዳማ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህር ነኝ። ከካናዳው ገንዘብ ለእኛ የሚደርስ አለ? ከሌለ በአቅማችን ከአንድ የአረጋውያን መርጃ ጋር ምን መሥራት እንችላለን?»

የካናዳው ፈንድ አመልካች የካናዳ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ተስፋ አይጣሉ። እጅዎ ላይ ግን የትብብር ሥልጠናው አለ። ተማሪዎቻችሁ ለሥልጠና ወደ ድርጅት የሚሄዱበት የመግባቢያ ሰነድ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፤ ተማሪዎቹ በቆይታቸው አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ይመልሳሉ የሚል።

ጥያቄው ያለ ገንዘብ የሚለካ ይሁን። ለምሳሌ ከአልጋ የማይነሡ አረጋውያን ጎን በ2 ሰዓት ልዩነት እየተለወጠላቸው ነው ወይ? አንድ የግድግዳ ሰንጠረዥ፣ አንድ ሰዓት፣ በየፈረቃው ምልክት የምታደርግ አንዲት ተማሪ ይበቃሉ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ፤ ከዚያ ሰንጠረዡን አልጋው አጠገብ ስቀሉና ሁለት ሳምንት እንደገና መዝግቡ። ቆዳቸው መቅላት የጀመረ ሰዎች ቁጥርንም ከጎኑ ያዙ። በሌሊት የተሞላውን ምልክት ግን በጥንቃቄ እዩት፤ ሁሉም ሳጥን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አጻጻፍ ከተሞላ ንጋት ላይ በአንዴ የተሞላ ነው።

ውጤቱን ለማሳተም ካሰባችሁ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያችሁ ካለ የሕክምና ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጠይቁ። ተማሪዋም የአረጋውያኑን ስም በደብተሯ እንዳትጽፍ፤ የአልጋ ቁጥርም ሰው ያስለያልና ለእያንዳንዱ ሌላ ቁጥር ስጡ፣ ዝርዝሩ በድርጅቱ ኃላፊ መሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጥ።